የዳንቴሉ ደራሲ

ዳንቴል የሠራች ሴት የምትሰማው ምርቃት ሁልጊዜ ወደ አንድ አካሏ ያጋደለ ነው። «እጅሽን ይባርከው» ትባላለች። ትንሽ የሚራቀቅ እንግዳ ሲገኝ «ዓይንሽ እንዴት ቻለው?» ይላታል። ትዕግሥቷን የሚያደንቅም አይጠፋም፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ራት ዘገየ ብሎ ሲያጉረመርም የቆየው ባለቤቷ ነው። እጅ ተመርቆ፣ ለዓይን ታዝኖለት፣ ትዕግሥት ተደንቆ ሲያበቃ የጭንቅላት ስም ሳይነሳ እንግዳው ሦስተኛውን ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። እኔ የምለው ምርቃቱ አድራሻ ስቷል ነው። ሞዴሉን ከሰው ሳትቀበል ከራሷ አውጥታ ዳንቴል ወይም ሹራብ የምትሠራ ሴት ዋናውን ሥራ የምትጨርሰው በጭንቅላቷ ነው፤ እጇ የታሰበውን የሚገለብጥ ጸሐፊ ነው። ሥራው ደራሲ አለው ማለት ነው። ደራሲ ካለው ደግሞ ስለ አድናቆቱም ስለ ዋጋውም የምንነጋገርበት መንገድ ሊለወጥ ይገባል። «ለሶፋ ልብስ ይህን ያህል ፍልስፍና!» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ለእሱም መልስ አለኝ፤ በቅድሚያ ግን ማስረጃዬን ላቅርብ።

ከክቡ ዳንቴል እንነሣ፤ የአበባ ማስቀመጫ ከሚቆምበት፣ አበባውም ውሃ ጠይቆ ከማያውቀው። አሠራሩ ከመሃል ነው። ጥቂት ሰንሰለት ይሠራል፣ ጫፍና ጫፉ ይያያዛል፣ ከዚያ በኪሮሽ ዙሪያውን እየዞሩ ማስፋት ነው። ለሚያየው ሰው መዞር ብቻ ይመስላል። ጥያቄው ያለው ግን በየዙሩ ስንት ቋጠሮ ይጨመር በሚለው ላይ ነው። አሳንሳ ከጨመረች ጠርዙ ወደ ላይ ይሰበሰብና ለጠረጴዛ የታሰበው ነገር የሕፃን ቆብ ሆኖ ያርፋል። (ነፍሰ ጡር በሌለበት ቤት የሕፃን ቆብ ካገኛችሁ ምክንያቱን ከዚህ ፈልጉ።) አብዝታ ከጨመረች ደግሞ ጠርዙ ይሸበሸባል፤ ካውያ ቢያልፍበትም አይተኛም። ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ ብሎ የሚተኛበት መጠን አንድ ብቻ ነው። በአጭሩ ቋጠሮ ለምትሠራ፣ የቋጠሮው ቁመትና ወርድ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በየዙሩ ስድስት ገደማ መጨመር አለባት፤ ክሩን ኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥማ ረዘም ያለውን ለምትሠራ ዐሥራ ሁለት ገደማ። ይህ ስድስት ከሰማይ የወረደ አይደለም። የክብ ዙሪያ የሚገኘው ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት በሁለት ፓይ ሲባዛ ነው፤ ሁለት ፓይ ደግሞ 6.28 ገደማ ነው። ርቀቱ በአንድ ቋጠሮ ቁመት ባደገ ቁጥር ዙሪያው ስድስት ቋጠሮ ከሩብ ያህል ይጠይቃል። ስድስቱን እሷ ትሰጣለች፤ ሩቧን ክሩ ተለጥጦ ይችላታል። በዚህም አያበቃም። ጭማሪዎቹ በየዙሩ አንዱ ባንዱ ላይ ከተደረደሩ ክቡ ስድስት ማዕዘን ያወጣል፤ ስለዚህ ቦታቸውን እያፈራረቀች ማዕዘኑን ታጠፋዋለች። አርኪሜድስ ፓይን ለመጠጋት የተነሣው ከዚሁ ከባለስድስት ጎን ቅርጽ ነበር፤ የጎኖቹን ቁጥር እጥፍ እያደረገ እስከ ባለ 96 ሄደ። እሱ በመማሪያ መጽሐፍ ገባ፤ የእሷ ሥራ የቴርሞስ መቀመጫ ሆነ።

የተሸበሸበው፣ ማለትም «የተበላሸው» ዳንቴልም ቢሆን የክብር ዘመን አይቷል። ላትቪያ የተወለደችው የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች ለተማሪዎች ለማሳየት የሚያስቸግር አንድ ነገር ገጠማት፦ ሃይፐርቦሊክ የሚባለው፣ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር ከመጠን በላይ እየሰፋ የሚሄድ ገጽ። መምህራኑ ወረቀት እየቆረጡ እያጣበቁ ይሠሩት ነበር፤ ወረቀቱም በተነካ ቁጥር ይቀደዳል። ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 ኪሮሿን አነሣች፤ በተወሰነ ቁጥር ቋጠሮ አንድ አንድ እየጨመረች ሠራችው፤ ተማሪ ቢያጥፈው፣ ቢጎትተው፣ ኪሱ ቢከተው የማይበላሽ የሒሳብ ማሳያ ተገኘ። የእኛ ባለሙያ «ጉድ ሆንኩ!» ብላ የምትተረትረውን እሷ ለክፍል አቀረበችው። እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው መጽሐፍ በመጀመሪያ ያገኘው ሽልማት እንግዳ ርእስ ላላቸው መጻሕፍት በእንግሊዝ አገር የሚሰጠው ነበር፤ የሒሳብ ሰዎች የኦይለርን ሽልማት የሰጡት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ኪሮሽ የያዘ ሰው ቀድሞ መሳቂያ፣ ቀጥሎ ሊቅ የሚሆንበት ቅደም ተከተል በሠለጠነውም አገር ያው ነው ማለት ነው።

«ታይሚናስ ሒሳብ መሆኑን አውቃ ነው የሠራችው፤ የእኛዋ ግን ፓይ የሚባል ነገር ሰምታም አታውቅ» የሚል ተከራካሪ ይነሣል። ይህ ጠንካራ መስሎ የቀረበ ደካማ ክርክር ነው። ስሙን አለማወቅና ነገሩን አለማወቅ የተለያዩ ናቸው። ነገሩን ማወቋ የሚታየው ስትሳሳት ነው። አንድ ሙሉ ዙር ሠርታ፣ ዳንቴሉን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ራቅ አድርጋ አይታ «አይ፣ ይሄ ይሰበሰባል» የምትል ሴት ገና ያልታየውን ጉድለት ከሦስት ዙር በፊት አስልታዋለች። ከዚያ ክሩን ይዛ ያለ ርኅራኄ ትተረትራለች። የአንድ ምሽት ሥራ በአንድ ደቂቃ የሚያፈርስ ሰው ልማድ ብቻ የሚነዳው ሊሆን አይችልም፤ ልማድ የራሱን ሥራ አያፈርስም። ቤተሰቡም ይህን በሚገባ ያውቃል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ካዩ ማንም አያናግራትም፤ ሃምሳ ሦስት ላይ ደርሳ «እማዬ፣ ካልሲዬ የት ነው?» ብሎ ያቋረጣት ልጅ ካልሲውን ሳይሆን ሌላ ነገር ያገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃዬ ግን ባለሳጥኑ ዳንቴል ነው። ይህኛው እንደ ወንፊት በአራት ማዕዘን ቀዳዳ የተሞላ ሲሆን አንዳንዱ ሳጥን ክፍት ይተዋል፣ አንዳንዱ በክር ይደፈናል፤ ከተደፈነውና ከተከፈተው ድምር ወፍ፣ ጽጌረዳ፣ መስቀል፣ ጀበና ይወጣል። ኮምፒውተር ምስል የሚያስቀምጥበት ብልሃትም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ አለ ወይም የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ሳንሱር ወደ ውጭ በሚላክ ደብዳቤ ውስጥ ከጠረጠራቸው ነገሮች መካከል፣ ከቼዝ ጨዋታና ከመስቀለኛ ቃላት ጋር፣ የሹራብ አሠራር መመሪያ ነበረበት፤ ቁጥርና ምልክት የተደረደረበት ወረቀት የጦር ምሥጢር ቢይዝ ማን ያውቃል ብለው ነው። እንግዲህ ወፉና ጽጌረዳው ከውጭ አገር የሞዴል መጽሔት ተገልብጧል ብትሉኝ አልከራከርም። በየሳሎኑ ዳንቴል ላይ የሚነበበው «እንኳን ደህና መጡ» ግን ከየትኛው መጽሔት ተገለበጠ? የአውሮፓ የሞዴል መጻሕፍት የላቲን ፊደላትን በሳጥን በሳጥን አሰናድተው ያቀርባሉ፤ ጥቂት ስለሆኑ አንድ ገጽ ይበቃቸዋል። የእኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ይህን ሁሉ ለኢትዮጵያውያን ሳሎን ብሎ በሳጥን ያሰናዳ ፈረንሳዊ የለም። ስለዚህ «እንኳን»ን መጀመሪያ በክር ያቆመችው ሴት ሞዴል ተቀባይ ሳትሆን የፊደል ቅርጽ ነዳፊ ነበረች፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ብትሆን ወንበርና ደመወዝ ይኖራት ነበር።

ሒሳቡን ለማያምን ሰው እዚሁ እናስላው። «እንኳን ደህና መጡ» ዘጠኝ ፊደል ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ሰባት ሳጥን ወርድ ብትሰጥ 63 ይሆናል። በቃላቱ ውስጥ ፊደልን ከፊደል የሚለዩ ስድስት ክፍተቶች አሉ፤ አንድ አንድ ሳጥን ስትተውላቸው 69። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ክፍተት አለ፤ ሦስት ሦስት ሳጥን ብትሰጥ 75። ዳንቴሉ 80 ሳጥን ከሆነ የሚተርፈው አምስት ነው። አምስትን ለግራና ለቀኝ እኩል ማካፈል ሁለት ተኩል ያመጣል፤ ተኩል ሳጥን ደግሞ የለም። ጽሑፉ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል እንግዳ ሁሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚቀበለው። ምን ታደርጋለች? ከዘጠኙ አንዱን ታሰፋለች። «ኳ» ቅጥያ የተሸከመ ሆደ ሰፊ ፊደል ስለሆነ ስምንት ሳጥን ቢሰጠው ማንም አይታዘበውም፤ ድምሩ 76 ይሆናል፣ አራት ይተርፋል፣ ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ፣ ተገላገለች። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአክብሮት ጉዳይ ነው። የ«ጡ» የጎን ቅጥያ ቀርቶ ቀኝ እግሩ ሁለት ሳጥን ወደ ታች ቢረዝም «ጣ» ይሆናል፤ «እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ የተጠራው አማች «እንኳን ደህና መጣ» በሚል ዳንቴል ላይ ተደግፎ ይቀመጣል። በሌሎች አገሮች የፊደል ስሕተት የሆሄ ግድፈት ነው፤ በእኛ ሳሎን ውስጥ ግን ሽማግሌ ሊያስልክ ይችላል።

አሁን ወደ መቃወሚያዎቹ። ደጋግሞ የሚነሣው «ከራሷ ያወጣችው ከሆነ ታዲያ የሰፈሩ ዳንቴል ሁሉ ለምን አንድ ዓይነት ሆነ?» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ መኮራረጅ አለ። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ዓይኗ ከሲኒው ይልቅ ሲኒው የተቀመጠበት ላይ ሲቆይ ምን እየተደረገ እንደሆነ ባለቤቲቱ ታውቃለች፤ ሙያ በልብ ነውና አትናገርም፤ ቀስ ብላ ግን ትሪውን ወደ መሃል ትስበዋለች። ነገር ግን ይህ ኩረጃ በፎቶ ኮፒ የሚደረገው ዓይነት አይደለም። ያለቀ ዳንቴል አይቶ አሠራሩን ማውጣት ማለት ከውጤቱ ወደ ኋላ ተጉዞ ዙሮቹን መቁጠር፣ ጭማሪው የት እንደተደረገ መለየት፣ ይህን ሁሉ ሦስተኛው ቡና ሳይወርድ በቃል መያዝ ነው። ይህን የቻለች ሴት ማንበብ ችላለች። ቤቷ ስትደርስ ደግሞ ጠረጴዛዋ ሌላ ነው፣ ክሯ ሌላ ነው፣ ከጠርዙ ላይ ያልያዘችው ነገር አለ፤ ስለዚህ ጠርዙን ከራሷ ትሞላዋለች። አንድ ዓይነት የሚመስሉትን ዳንቴሎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ጠርዛቸውን ያየ ሰው ይህን አይክድም። በአየርላንድም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ረሀብ አገሩን ሲፈጀው መነኮሳይያትና በጎ አድራጊ ሴቶች ኪሮሽ እያስተማሩ ብዙ ቤተሰብ በዳንቴል ሽያጭ ነፍሱን አቆየ፤ አንዳንዱ ቤት የራሱ የሆነ የጽጌረዳ ወይም የቅጠል አሠራር ነበረውና ጎረቤት ሲገባ ሥራውን ከዓይን ይሸሽግ እንደነበር ይነገራል። የተራበ ሰው የሚደብቀው ዋጋ ያለውን ነው።

«ማሽን መጥቷል፤ ነገሩ አብቅቷል» የሚለው መቃወሚያ ግማሹ ልክ ነው። ሹራብን ማሽን ከያዘው ቆይቷል። ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ካልሲ የሚሠራ ማሽን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው፤ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሣቤጥ የፈጠራ መብት እንዳልሰጠችውና በእጅ ሥራ ለሚያድሩ ተገዥዎቿ እንጀራ እንደሰጋች ይተረካል። ንግሥቲቱ ብትሰጋም ማሽኑ አልቀረም፤ ዛሬ የምንለብሰው ሹራብ አብዛኛው የእሱ የልጅ ልጅ ነው። በኪሮሽ የሚሠራው ግን እስካሁን እጅ አልሰጠም። በሹራብ ሥራ ብዙ ቀለበቶች በመርፌው ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ስለሚጠብቁ ለማሽን ይመቻሉ፤ በኪሮሽ ግን በአንድ ጊዜ ክፍት የሆነው አንድ ቀለበት ነው፤ ቀጣዩ ቋጠሮ በፈለገው ቦታ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሊገባ ይችላል። ይህን ነጻነት ለማሽን ማስተማር አስቸጋሪ ሆኗል። በቤተ ሙከራ የሚሞክሩ አሉ፤ ፋብሪካ ገብቶ የኪሮሽን ሥራ በስፋት የሚያመርት ማሽን ግን የለም። ገበያ ላይ በጥቅል የምናየው ርካሽ «ዳንቴል» በአብዛኛው ዳንቴል እንዲመስል በማሽን የተሠራ ሌላ ጨርቅ ነው። እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ሆኖ ርካሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ የአንዲት ሴት እጅ ሠርቶታል፤ ርካሽ የሆነችው እሷ ናት።

ስለ ጥቅሙ ብዙ መከራከር አልፈልግም፤ ብዙ አላሸንፍም። የሶፋ ራስጌ ዳንቴል በአውሮፓ የመጣው ወንዶች ፀጉራቸውን የሚቀቡት ዘይት ወንበር ስላበላሸ ነው፤ ቅቤ ለምንቀባ ለእኛ ደግሞ ምክንያቱ ይበልጥ እንጂ አያንስም። ራዲዮን ከአቧራ መጠበቅ ያስማማናል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከልክ አልፏል፤ ዳንቴሉን ከአቧራ የሚጠብቅ ሌላ ዳንቴል የተነጠፈበትም ቤት አለ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ከገባ በኋላ ያ ወፍራም ሣጥን ሰፊ አናቱን ለዳንቴል ሰጠ፤ የዳንቴሉ ማዕዘን በስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ የዜና አንባቢውን ግንባር ሸፍኖበት ዜና ያዳመጠ ትውልድ አለ። ከዚያ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን መጣና ዳንቴል አዋጅ ሳይታወጅ ርስቱን ተነጠቀ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ክርክሬን ግን አይነካውም። የነገሩ ማረፊያ መጥፋቱ የነገሩን አሳብ አያጠፋውም፤ ደግሞስ ያው አሳብ ዛሬ በሕፃን ካልሲ፣ በቆብ፣ በቦርሳ ላይ እየወጣ ነው።

ከባዱ መቃወሚያ የሚመጣው ከሌላ ወገን ነው። «ይህ ሥራ ሴትን ከቤት ለማቆየት የተሰጣት መጫወቻ ነበር፤ ልጆች በትምህርት ቤት ባልትናና እጅ ሥራ ሲማሩ የታሰበው ለትዳር እንጂ ለሒሳብ አልነበረም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ሥራው የተሰጠበትን ዓላማና እሷ የሠራችበትን መንገድ አናምታታቸው። ክርና ኪሮሽ ብቻ ተሰጥቷት ከዚያ ውስጥ የፊደል ቅርጽና የክብ ሕግ ያወጣች ሰው ቢታሰብላት ኖሮ ምን ትሠራ ነበር ብሎ መቆጨት ይቻላል፤ ያወጣችውን ማናናቅ ግን በደሉን እጥፍ ማድረግ ነው። የሴት ሥራ ነው የሚለውም የሚጸናው ወንዶች ሌላ አማራጭ እስካላቸው ድረስ ብቻ ነው። በደርግ ዘመን እስር ቤት የነበሩ ሰዎች ትዝታ እንደሚነግረን በየእስር ቤቱ ወንዶችም ሹራብና ዳንቴል ይሠሩ ነበር፤ የተማረው፣ ሹሙ፣ መኮንኑ ቋጠሮ ሲቆጥር ከረመ። እዚያ የገባ ሰው «ይሄ ምን ጭንቅላት ይጠይቃል?» ብሎ ሲሳለቅ አይሰማም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለዋጋው ነው። ገበያ ላይ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ገዢዋ ዳንቴሉን ታገላብጣለች፣ ወደ ብርሃን ታነሣለች፣ ከዚያ «እትዬ፣ ክሩ ስንት ፈጀ?» ትላለች። ሻጯም ሳታስበው ወጥመዱ ውስጥ ትገባለች፤ የክሩን ዋጋ ትናገራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድርድር በክሩ ላይ ምን ያህል «ለልፋት» ይጨመር የሚል ብቻ ነው። ሞዴሉ፣ ማለትም ስንት ጊዜ ተሠርቶ የተተረተረው አሳብ፣ ከሒሳቡ ውስጥ የለም። ልቦለድ ገዝቶ ለደራሲው የወረቀቱንና የቀለሙን ዋጋ ብቻ ልክፈል የሚል ሰው ቢኖር ዘመድ ይጠራለት ነበር። ሕጉ እንኳ ከገበያው ይሻላል። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አዲስ ንድፍ ላወጣ ሰው ጥበቃ ይሰጣል። ዳንቴል ይዛ ለዚህ የምትሄድ ትኖራለች ብዬ አላስብም፤ ብትሄድም ናሙናውን ስታስገባ መዝገብ ቤቱ ቴርሞስ እንዳያስቀምጥበት እሰጋለሁ። ከዚያ የሚቀለው ፊርማ ነው። በዳንቴሉ ማዕዘን የስሟን ሁለት መነሻ ፊደላት በሳጥን ታስገባ፤ በጥቂት ቀናት ሥራ ላይ የአንድ ሰዓት ጭማሪ ቢሆን ነው። «ሳሎኔ ውስጥ የሌላ ሴት ስም ምን ያደርጋል? እንግዳ የተዋስኩት ይመስለዋል» የምትል ገዢ እንደምትኖር ይታየኛል። የእሷው ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል የሠዓሊው ፊርማ ተጽፎበታል፤ ይህን ያህል ዘመን ሲኖር የተዋሰችው የመሰለው እንግዳ አልመጣም።